አደይ አበባ እስኪያፈራ ድረስ

በነፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ፣ በአርብ ገበያም ሆነ በመካነ ኢየሱስ፣ ግቢውን በአበባ ማሳመር የፈለገ ሰው ሐሳቡ ቶሎ የሚሄደው ከከተማ ተጭኖ ወደሚመጣ የፈረንጅ አበባ ነው። ጽጌረዳውና ጂራኒየሙ በቆርቆሮና በአሮጌ ድስት ተተክሎ በረንዳ ላይ ይደረደራል፤ አጥር ሥር ማንም ሳይዘራው የበቀለው ቢጫ አበባ ግን ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ጥቂት እቅፍ ከተቀጠፈለት በኋላ ከአረም ጋር ታጭዶ ይጣላል። አደይ አበባ ማለቴ ነው። በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ጓሮው ውስጥ ቢራቢሮ ማየት የሚፈልግ ሰው ከአደይ የተሻለ አበባ አያገኝም ብዬ እከራከራለሁ። ይህን የምለው ግን አደይ ከበዓሉ በኋላም አፍርቶ ዘሩን እስኪጥል ድረስ ከተተወ ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ አደይን የምንወደው ለሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ ነውና።

አደይ ብለን የምንጠራው አንድ ዓይነት ተክል ብቻ አይደለም። የዕፅዋት ሊቃውንት ቢደንስ በሚሉት ወገን ውስጥ ያሉ፣ በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅሉ፣ ለዓይን የሚመሳሰሉ በርካታ ዝርያዎች በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ ከእነርሱ ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ቢደንስ ማክሮፕቴራ፣ ቢደንስ ፓኪሎማና ቢደንስ ፕረስቲናሪያ ናቸው። ይህን ወገን አንድ በአንድ ለይተው ያጠኑት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ናቸው። በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ያሉትን ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1984፣ የመላ አፍሪካዎቹን ደግሞ በ1993 አሳትመዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ የዚህን አገር ዕፅዋት እየለቀመ ወደ አውሮፓ የላከው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ነበር፤ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በደብረ ታቦርና በጋፋት አካባቢ ተቀምጦ የአካባቢውን ዕፅ ሰብስቧል፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ከተለቀቁት አውሮፓውያን አንዱ ሆኗል። እንግዲህ የጉና ተራራ ዙሪያ ዕፅዋት ለሳይንስ እንግዳ አይደሉም። በዝምድና ካየነው አደይ የኑግ፣ የሱፍና በየማሳው ዳር በቢጫ አበባው የሚታወቀው የመጭ ቤተሰብ ነው። መስከረም ላይ ከሩቅ ሲታይ ተራራውን ቢጫ የሚያደርገው አደይ ብቻ አለመሆኑን፣ ግማሹ መጭ ሊሆን እንደሚችል ገበሬው ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ከተሜው ነው ሁሉንም አደይ የሚለው።

ቢራቢሮ አደይን የምትወድበት ምክንያት በአበባው አሠራር ላይ ይታያል። አንድ አበባ የሚመስለን ራስ በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። በዙሪያው የተዘረጉት ስምንት ገደማ ቢጫ ቅጠሎች ዘር አይዙም፤ ሥራቸው ከሩቅ መታየትና ለመጣው እንግዳ መቆሚያ መሆን ነው። ወለላው ያለው መሐል ላይ ከታጨቁት ቀጫጭን ቱቦ መሰል አበቦች ውስጥ ሲሆን፣ እነርሱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከዳር ወደ መሐል በየተራ ይፈካሉ። ስለዚህ አንድ ራስ ለአንድ ጧት ብቻ ሳይሆን ለተከታታይ ቀናት ምግብ አለው። ቢራቢሮ እንደ ንብ ተንጠልጥላ ወይም አበባ ውስጥ ገብታ መመገብ አይሆንላትም፤ ክንፏ ሰፊ ስለሆነ ጠፍጣፋ ማረፊያ ትሻለች፤ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ረጅም የአፏን ቱቦ ፈትታ ከአንዱ ትንሽ አበባ ወደ ሌላው ታሻግራለች። አደይ ይህን ሁሉ አሟልቶ ይሰጣታል። ድርብርብ ሆኖ የተዳቀለው የገበያ ጽጌረዳ ግን ለዓይን ይመር እንጂ መሐሉ በቅጠል ስለታፈነ ለቢራቢሮ የሚተርፈው እምብዛም ነው። ሁለተኛው ምክንያት ፀሐይ ነው። የቢራቢሮ ሰውነት 30 ዲግሪ ገደማ ካልሞቀ በደንብ አትበርም፤ በጋይንት ደጋ ጧት ክንፏን ዘርግታ ድንጋይ ላይ የምትቀመጠውም ሰውነቷን ለማሞቅ ነው። አደይ ደግሞ ጥላ የማይወድ፣ ገላጣ ሜዳና የካብ ዳር የሚስማማው ተክል በመሆኑ ምግቧና ሙቀቷ አንድ ቦታ ላይ ይገጥሙላታል።

ከሚመጡት እንግዶች አንዷ ከሁሉም በላይ ታስደንቃለች። ክንፏ ብርቱካናማ፣ ጫፉ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ሊቃውንቱ ቫኔሳ ካርዱይ የሚሏት ቢራቢሮ በዓለም ላይ እጅግ ከተሰራጩት አንዷ ናት። በበልግና በበጋ አውሮፓ የምትታየው ይህች ፍጥረት ክረምቱ ሲመጣ የት እንደምትገባ ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ነበር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 መጸው ላይ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት የአፍሪካ አገሮች ተዘዋውረው ፈለጓት፤ ከሰሃራ በስተደቡብ እንደምትደርስና እዚሁ እንደምትራባም አረጋገጡ። ከአፍሪካ ወደ አውሮፓና ተመልሶ ወደ አፍሪካ የሚደረገው ጉዞ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ አንዲቷ ብቻዋን የምትጨርሰው ሳይሆን ልጅ ከእናት እየተቀበለ በተከታታይ ትውልድ የሚፈጽመው ነው። መንገደኞቹ ከሰሃራ ወዲህ የሚደርሱበት ወቅትና የእኛ ክረምት ወጥቶ ምድሩ አበባ የሚለብስበት ወቅት አንድ መሆኑን ልብ ይሏል። አደይ ለእነርሱ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመገመት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ከአገሬዎቹ ደግሞ በደጋው ሜዳ ላይ ዝቅ ብላ የምትበረው ቢጫማ ብርቱካናማዋ ኮሊያስ ኤሌክቶ ትጠቀሳለች፤ የኢትዮጵያ ደጋ ዘሯ እ.ኤ.አ. በ1940 ምኒልክን በሚያስታውስ ስም ተመዝግቧል፣ ሜነሊኪ ተብሎ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል። አደይ የሚያብበው ከመስከረም እስከ ጥቅምት ነው፤ የተገዛ አበባ ግን ውኃ እስካገኘ ድረስ ዓመቱን ሙሉ ያብባል፤ ታዲያ ለቢራቢሮ የሚሻለው የቱ ነው? ተቃውሞው ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ወቅቱ አጭር መሆኑ እውነት ነው። በዚህ ምክንያት የሚመከረው ተክል ብዙ ጊዜ የወፍ ቆሎ ይሆናል፤ ቢራቢሮ እንደሚሰበሰብበትም አይካድም። ይሁንና የወፍ ቆሎ ከደቡብና መካከለኛው አሜሪካ የመጣ፣ ቅጠሉን የበላ ከብት የሚታመምበት፣ ወፍ ፍሬውን በልቶ ስለሚበትነው ከአጥር አምልጦ ግጦሽ የሚወርር ቁጥቋጦ ነው። በግጦሽ እጥረት ለሚቸገር አካባቢ ይህን መምከር ለቢራቢሮ ብሎ ላሟን መጉዳት ነው። አውሮፓውያንም ከዚህ የማይርቅ ስሕተት ሠርተዋል፤ ከቻይና ያመጡት የቢራቢሮ ቁጥቋጦ ከየአትክልት ቦታው ወጥቶ በእንግሊዝ የባቡር ሐዲድ ዳር ሳይቀር ሰፍኗል። የዚያ ቁጥቋጦ የቅርብ ዘመድ ግን እኛ ጋ አለ፤ አንፋር ነው። ደገኛው አጥር የሚያጥርበት፣ ንብ አናቢው የሚያውቀው፣ ብርቱካናማ አበባውን በዘለላ የሚያወጣው አንፋር አገር በቀል ነው። ግራዋ ደግሞ ጥር ገደማ፣ ሜዳው ሁሉ በደረቀ ጊዜ፣ ነጭ አበባውን ያፈካል። ስለዚህ አደይ የጀመረውን አንፋርና ግራዋ ይቀጥሉታል። ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም፣ ውኃ ቅዱልኝም አይሉም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፤ እንዲያውም አደይን የሚያሞግሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት እርሱን ነው። ወለላ ቢራቢሮን ያበላል እንጂ አይወልድም። ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው አባጨጓሬዋ ሊበላው በሚችል ቅጠል ላይ ነው፤ ያም ቅጠል እንደ ዝርያዋ የተወሰነ ነው። አደይ ብቻ ያለበት ጓሮ ለመንገደኛ ማረፊያ ይሆናል፣ መኖሪያ ግን አይደለም። የቫኔሳ ካርዱይ አባጨጓሬ ከሁሉ አስበልጦ እንደ ዳንደር ያለውን እሾኻም ተክል ይወዳል፤ ልትና ሳማም ይበላል። በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች የምትኖረው፣ ሳይንስ በሐበሻ ስም የሚጠራት ቫኔሳ አቢሲኒካ ልጆቿን የምታሳድገው በሳማ ወገን ላይ ነው። ኮሊያስ ማገጥን ትፈልጋለች። ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ወረድ ሲሉ፣ በስማዳና በታች ጋይንት ቆላ፣ ጦቢያ የሚባለው ነጭ ወተት ያለው ተክል የሌላዋ ብርቱካናማ ቢራቢሮ የዳናውስ ክሪሲፐስ ማሳደጊያ ነው፤ አባጨጓሬዋ መርዙን በሰውነቱ ስለሚያከማች ወፍ አትደፍረውም። ዝርዝሩን ላየው አብዛኛው በጓሮና በየመንገዱ ዳር የሚናቅ ተክል ነው። ሳማ ግን በደጋው ሕዝብ ዘንድ ፈጽሞ አይናቅም፤ እህል ባጠረ ክረምት ሳማ ወጥ ስንቱን ቤት አሻግሯል። ካብ ሥር ሁለት ሦስት እግር ሳማ መተው እንግዲህ ለቢራቢሮም ለምጣዱም ነው።

አባጨጓሬ ሲባል ግን ገበሬው ዝም አይልም። ተምች ማሳውን የበላበት ሰው አባጨጓሬ ይራባ ዘንድ ቦታ ተውለት ቢባል መቆጣቱ ተገቢ ነው፤ በተለይ የአሜሪካው ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 አገራችን ገብቶ በቆሎውን ካጠቃ ወዲህ። ነገር ግን ተምች የቢራቢሮ ልጅ አይደለም፤ ሌሊት የምትበር የእሳት እራት ልጅ ነው፤ የሚበላውም በቆሎ፣ ማሽላና ሳር ነው። የዳንደርና የሳማ አባጨጓሬ ጤፍ ላይ ቢያስቀምጡት በረሃብ ይሞታል። ሁሉም ቢራቢሮ ንጹሕ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በሎሚ ቅጠል ላይ የሚያድግ አለ፤ የአተርና የባቄላ እሸት ውስጥ የሚገባ የትንሿ ሰማያዊ ቢራቢሮ ልጅ አለ። እነዚህን አደይ አልፈጠራቸውም፤ ሎሚውና አተሩ ባለበት ይኖራሉ። ደግሞም አበባ የሚጠራው ቢራቢሮን ብቻ አይደለም፤ ተምችንና ክሽክሽን የሚያድኑ ጥቃቅን ተርቦችና ዝንቦችም ጉልምስናቸውን የሚኖሩት በወለላ ነው። ከማሳው ዳር አበባን ፈጽሞ ያጠፋ ገበሬ ጠላቱን ሳይሆን አጋዡን ነው ያስራበው።

የቀረው ተቃውሞ የመሬት ነው፤ እርሱ ላይ ረዘም ብሎ መቆም ይገባል። አደይ በጤፍ፣ በገብስና በስንዴ ማሳ ውስጥ ከገባ አረም ነው። ምርት ይቀንሳል፣ ይታረማል፤ ይህን ማንም ሊያስተባብለው አይገባም። መሬቱም ጠባብ ነው፤ ጋይንትና ስማዳ ለዓመታት በሴፍቲኔት የታቀፉ፣ አፈሩ የተሸረሸረ፣ አንድ ቤተሰብ በጥቂት ጥማድ የሚኖርባቸው ወረዳዎች ናቸው። ስለዚህ አንዲት ጋት የእርሻ መሬት ለአበባ ልቀቁ አይባልም። ቦታው ግን ያለ ማሳም አለ። በሁለት ማሳ መካከል ያለው ድንበር፣ የእርከኑ ጀርባ፣ የካቡ ሥር፣ ከብት እንዳይገባበት የተከለለው ተራራ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር፤ እነዚህ ሁሉ ማጭድ የሚገባባቸው ከልማድ እንጂ ከግድ አይደለም። በእርከን ላይ የመኖ ሳር መትከል ይሻላል የሚል ካለ ትክክል ነው፤ ሳሩ ባለበት ሳሩ ይሁን፣ ሳሩ ባልያዘበት ክፍተት አደይ ይግባ። ደቡብ ጎንደር ደግሞ በዚህ ረገድ ከብዙ ቦታ ይሻላል፤ ዛፋቸው ያልተቆረጠ አብያተ ክርስቲያናት ሞልተውበታል፣ እንደ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያሉ ተመራማሪዎችም ለእነዚህ ደኖች ጥበቃ ሲደክሙ ኖረዋል። በደኑና በማሳው መካከል ያለችው ገላጣ ዳርቻ ለአደይ የተሠራች ናት። ባሕር ዛፍ ሥር ግን አይሞከር፤ እዚያ አደይ አይቀናውም።

ገበሬው ለዚህ ሁሉ ምን ያገኛል ቢባል፣ ቢራቢሮ ብቻዋን መልስ አትሆንም። በብናኝ ማዳቀል ሥራ ንብ ከቢራቢሮ በእጅጉ ትበልጣለች፤ የሚያዋጣው ማስረጃም ከንቡ በኩል ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ በሰሜኑ ደጋ ዋናው የማር ቆረጣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር የሚውለው አደይና መጭ አብበው ስለሚያበቁ ነው። ራይንሃርድ ፊሽትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የንብ ዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ አደይ ቦታውን ይዟል። ኑግ የሚዘራ ሰው ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው፤ ኑግ በራሱ ብናኝ ፍሬ መያዝ የማይችል ተክል ስለሆነ ነፍሳት ካልጎበኙት ራሱ ባዶ ይቀራል። አደይ ነፍሳቱን ከኑጉ ይሻማበታል የሚል ስጋት ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን አደይ ቀድሞ ስለሚጀምር ኑጉ እስኪፈካ ድረስ ንቡንና ቢራቢሮውን እዚያው ያቆይለታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ፀረ አረሙ ከማሳው ካልወጣ ነው። ገበሬው ቱ ፎር ዲ የሚለው መድኃኒት ጤፉንና ስንዴውን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ይገድላል፤ የሚረጨውም አደይ ገና ቡቃያ ሳለ ነው። ነፋስ ባለበት ሰዓት አለመርጨትና ከድንበሩ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ ማቆም ዋጋ አያስከፍልም፣ መድኃኒቱንም ይቆጥባል።

አደይን ከጭጎጊት ጋር አንድ አድርገው የሚያጠፉትም አሉ፤ ሁለቱ በእርግጥ ከአንድ ወገን ናቸው። ጭጎጊት ከአሜሪካ የመጣ፣ አበባው ትንሽና የደበዘዘ፣ ጥቁር መርፌ መሰል ዘሩ ልብስ ላይ የሚሰካ ነው። የአደይ አበባ ግን ሰፊና ደማቅ ቢጫ ስለሆነ ሲፈካ የሚሳሳት የለም። ከዚያ በፊት ያለው ቡቃያ ላይ ነው መጠንቀቅ። ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ መቅጠፋቸው አደይን ያጠፋዋል የሚለው ስጋት ደግሞ ብዙም አይታየኝም። ከአንድ ግንድ ጥቂት ራስ ቢቀጠፍ የቀረው ያፈራል፤ ይልቁንም እንግጫውንና አደዩን ፍለጋ ሜዳ የሚወርድ ልጅ አበባው የት እንደሚበቅል ያውቃል፣ ሲጠፋም ጠፋ ብሎ የሚናገረው እርሱ ነው። የሚጎዳው ከሥሩ ነቅሎ ለከተማ ገበያ በጭነት ማውጣት ነው።

የአደይ ዕጣ የሚወሰነው ከመስቀል ወዲህ ባሉት ሳምንታት ነው። አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ተክል ነው፤ ሰኔ ላይ ይበቅላል፣ መስከረም ላይ ያብባል፣ አፍርቶ ኅዳር ላይ ይደርቃል፣ በቃ። ሳያፈራ የታጨደ አደይ ለከርሞ የሚተካው የለውም፤ ጥቂት ዓመት እንዲህ ከተደረገ አፈሩ ውስጥ የቀረው ዘርም ያልቃል። ከአዝመራው በኋላ ከብቱ ገለባ ላይ ሲለቀቅ የተረፈውን ይጨርሰዋል። በየከተማው ደግሞ ኅዳር ሲታጠን አለ፤ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ጓሮ ተጠርጎ ቆሻሻው ይቃጠላል፤ የደረቀው የአደይ ግንድ ከነዘሩ፣ አንዳንዴም በግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ቢራቢሮ ለመሆን ቀኑን ከሚጠብቀው ሙሽሬ ጋር፣ እሳት ውስጥ ይገባል። ልማዱ ይቅር የሚል የለም። ከመጥረግዎ በፊት ግን የጠቆረውን የአደይ ራስ በእጅዎ እያሹ ግማሹን አጥሩ ሥር ያራግፉት፤ ግማሹን በወረቀት ጠቅልለው ደረቅ ቦታ ያኑሩትና ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ፀሐይ በሚያገኘውና ከነፋስ በተከለለው የካብ ዳር በትነው በእግርዎ ጠቅጠቅ ያድርጉት። ጥልቅ አይቅበሩት።